ስለ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከደባርቅ ወይም ከበለሳ ሕመምተኛ ይዞ ጎንደር የሚገባ ሰው ጥያቄው ብዙ ነው፤ ወዴት ልግባ፣ ምን ወረቀት ያስፈልገኛል፣ ስንት ያስከፍሉኛል ይላል። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ስለ ወላጆቹ ጤና የሚጨነቀው ደግሞ «እዚያ ይታከማሉ ወይስ ላምጣቸው?» ብሎ ይደውላል። ቡና ላይ የሚነሣው የታሪክ ክርክርም አለ። ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ። መልሶቹ የሆስፒታሉ ይፋዊ መግለጫ አይደሉም፤ ነገሩን በቅርብ የሚከታተል የከተማው ነዋሪ የጻፋቸው ናቸው። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሆስፒታሉ የማን ነው? የክልሉ ነው ወይስ የፌዴራል?

የዩኒቨርሲቲው ነው። ተጠሪነቱ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ሳይሆን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል ተቋም ነው። ባሕር ዳር ያለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ግን የክልሉ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፣ ሁለቱም ሪፈር ይቀበላሉ። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሐኪሞቹ ላይ ነው። ጎንደር ላይ የሚያክምዎት ስፔሻሊስት አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ነው። ጠዋት ዋርድ ውስጥ፣ ከሰዓት ክፍል ውስጥ፣ በመካከሉ ጥናት ላይ ታገኙታላችሁ። ከዚህ በታች ካሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ወደዚህ ይመለሳሉ፤ ቦታው ከሆስፒታልነቱ እኩል ትምህርት ቤት ነው።

መቼ ተቋቋመ?

ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ይባል ነበር። ያቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ ዕርዳታ አግዘውታል። በጤና ሥልጠና ከአገሪቱ አንጋፋ ተቋማት አንዱ ነው፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን የሚቆጥረውም ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። ሆስፒታሉ የኮሌጁ ማስተማሪያ ሆኖ ከእሱ ጋር አብሮ አደገ።

አዲስ አበባ እያለች ለምን ጎንደር ተመረጠ?

በወባ ምክንያት ነው። ኮሌጁ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። ደምቢያ ከጎንደር በስተ ደቡብ እስከ ጣና የሚዘረጋ ለም ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ውኃ ይተኛበታል፣ ወባም በዚያው ትነሣለች። መንግሥት ያን ጊዜ ሊልክ የሚችለው ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የነበሩትም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሐኪም እስኪደርስ መጠበቅ ካልተቻለ በሽታው ያለበት ቦታ ሄዶ ሕዝቡን የሚጠብቅ ባለሙያ ቶሎ ማፍራት ነበረባቸው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ የተባሉት ሦስቱ ሙያዎች በዚህ መልክ በአንድ ግቢ መሠልጠን ጀመሩ።

ሐሳቡ ትክክል እንደነበር ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በ1950 መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. ወባ ከዚያ በፊት ብዙም ወደማትወጣባቸው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ወጣች። በወቅቱ የተሠራው ግምት ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይናገራል። ያን የመሰለ መዓት አልጋና ግድግዳ ያለው ሆስፒታል ብቻውን አይመክተውም።

«ቡድን ሥልጠና» የሚባለው ምንድን ነው? ቆላ ድባ ተማሪዎች የሚመጡት ለምንድን ነው?

ከዚያው ዘመን የተረፈ ልማድ ነው፤ በእኔ ግምት ጎንደር ለአገሪቱ የጤና ትምህርት ካበረከተቻቸው ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ይህ ነው። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች ሊመረቁ ሲሉ በቡድን ተደራጅተው በገጠር ጤና ጣቢያ ይመደባሉ፤ አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሠራሉ። የደምቢያዋ ቆላ ድባ ከመጀመሪያዎቹ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች አንዷ ናት። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ዞረው ይቆጥራሉ፤ ሽንት ቤት ያለው ስንቱ ነው፣ ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው፣ ያልተከተበ ሕፃን የት አለ ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በኋላ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ፣ ሕመምተኛም ያክማሉ። ሦስት የተለያየ ሙያ ያላቸው ወጣቶች አንድ ምንጭ ዳር ቆመው ቧንቧው በየት ይለፍ ብለው ሲከራከሩ ያየ ሰው ነጭ ጋወን ምን እንደሚሠራ ያለውን ሐሳብ ይለውጣል።

ጀርመኖች ነበሩ ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። የሕክምና ዶክተር ማሠልጠን የተጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን ላይፕዚግ ከሚገኘው ከያኔው ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። ኮሌጁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተባለ። የምሥራቅ ጀርመን መምህራን ከነቤተሰቦቻቸው መጥተው ይኖሩ ነበር፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ሐኪሞች ዛሬም የእነዚያን መምህራን ጥብቅነት ያነሣሉ። ምሥራቅ ጀርመን ራሷ ስትጠፋ ግንኙነቱም አከተመ።

በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከእንግሊዟ የሌስተር ከተማ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው ትስስር ግን ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ሐኪሞችና ነርሶች እየተመላለሱ ይሠራሉ፣ ያሠለጥናሉ።

ስሙ ስንት ጊዜ ተለወጠ?

ብዙ ጊዜ። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ። ሆስፒታሉም አብሮ ሲለወጥ ኖሮ ለብዙ ዓመት «ሪፈራል ሆስፒታል» ከተባለ በኋላ አሁን «አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል» ይባላል። የድሮ ሪፈር ወረቀትዎ ላይ ሌላ ስም ቢያዩ ቦታው ያው ነው።

በቀጥታ ሄጄ መታከም እችላለሁ ወይስ ሪፈር ያስፈልገኛል?

ድንገተኛ ከሆነ በቀጥታ ይሂዱ። ደም የሚፈሰው፣ ራሱን የሳተ፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው፣ ምጥ የጠናባትም እናት ወረቀት አይጠየቁም። ሌላው ግን ከታች ተጀምሮ ቢመጣ ይሻላል።

«ከታች» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በአገሪቱ አደረጃጀት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታስቧል። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰው ይጠብቃል። ጎንደር ከላይኛው እርከን ላይ ነው። በጥናት ጽሑፎች ላይ ስለ ሆስፒታሉ ለዓመታት ሲጻፍ የኖረውም ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያገለግላል ተብሎ ነው፤ ገና ከመነሻው ከልኩ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው።

በአካባቢው ቆላ ድባ፣ አይከል፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ አዲስ ዘመን፣ ደባርቅና ሌሎችም ቦታዎች ሆስፒታሎች ተከፍተዋል። ጎንደር ላይ ያለው ወረፋ ግን በዚያ ልክ አልቀነሰም። አንዱ ምክንያት እምነት ነው፤ ሰው ትልቅ ሐኪም ያለው ትልቁ ቤት ነው ብሎ ያምናል። ሁለተኛው እውነተኛ ችግር ነው፤ ታችኛው ሆስፒታል መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ዕቃ ወይም ባለሙያ ሲያጣ ሪፈር ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለውም። ሕመምተኛውን «ለምን ጉንፋን ይዘህ መጣህ?» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የእሱ አይደለም።

የጤና መድን አለኝ፤ ያገለግለኛል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር መምጣት አለብዎት። ደረጃውን ዘልሎ የመጣ አባል ወጪው በከፊል ወይም በሙሉ ከኪሱ ሊሆን ይችላል። መታወቂያው መታደሱን ከቤት ሳይወጡ ያረጋግጡ፤ ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዞ ጎንደር ደርሶ እንደ መመለስ የሚያሳዝን ነገር የለም። መድኑ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች።

መድን የሌለውና መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው የድጋፍ ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት። እዚህ ደርሶ ወረቀት መፈለግ ቀናት ይበላል።

ያለ ክፍያ የሚሰጡ ሕክምናዎች የትኞቹ ናቸው?

በአገር አቀፍ ደረጃ ነጻ የተደረጉት እዚህም ነጻ ናቸው። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የሥጋ ደዌ፣ የኤችአይቪ ምርመራና መድኃኒት፣ የፌስቱላ ሕክምና በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የካላዛር መድኃኒትም አያስከፍልም። ነጻ የሚሆነው ግን ሕክምናው ነው፤ መንገዱ፣ ማደሪያውና የአስታማሚው ምግብ የራስ ናቸው። ከቋራ የመጣን ገበሬ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

ካላዛር ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ወደ ጎንደር የሚላከው ለምንድን ነው?

ረዘም አድርጌ የምመልሰው ይህን ነው፤ ሆስፒታሉ በዓለም ደረጃ ስሙ የሚነሣበት በሽታ ነውና።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ስትበር የማትሰማ። በመተማ፣ በቋራ፣ በአርማጭሆና በሁመራ ቆላ ውስጥ በተሰነጣጠቀው ጥቁር ዋልካ አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። ሰሊጥ ለማጨድና ማሽላ ለማረም ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በትክክል እዚያ ነው የሚያድረው፤ ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር፣ ያለ አጎበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከሳምንታት ወይም ከወራት ቆይታ በኋላ ያመዋል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ አይለቅም፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ደሙ ይቀንሳል፣ ሆዱ በግራ በኩል ይነፋል። ያ ያበጠው ጣፊያው ነው። ካልታከመ ይገድላል።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ወባን ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሆነውም ይኸው ነው። ካላዛር ከዚያ በፊት በማይታወቅበት የወይና ደጋ አገር ሰው በትኩሳት ያልቅ ጀመር፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ምርመራ ሲደረግ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዘመን አካባቢ ያለ የጤና ባለሙያ ረጅም ትኩሳት ሲያይ ሁለቱንም ይመረምራል።

ጎንደር ላይ የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ሲሆን ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲኤንዲአይ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አግዟል። የቀድሞው ሕክምና 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ ነበር። በኋላ ሁለት መርፌዎችን በማጣመር ወደ 17 ቀን ዝቅ ተደርጓል። አሥራ ሦስት ቀን ማትረፍ ለደመወዝተኛ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ የአጨዳ ወቅት ላለበት የቀን ሠራተኛ ግን የዓመት ገቢው ነው።

ሌላው የጎንደር ፈተና ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ አብረው ከሚታዩባቸው የዓለም አካባቢዎች ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ድኖ ይወጣል፣ ከወራት በኋላ ያገረሽበታል። በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ጥናት በደም ሥር የሚሰጥ አምፎተሪሲንን ከሚዋጠው ሚልቴፎሲን ጋር ማጣመር እንደሚሻል ታየ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መመሪያውን ሲለውጥ ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ ጥናት ነበር፤ ሌላው ሕንድ ውስጥ የተሠራው ነው። ጎንደር ዋርድ ውስጥ ተኝተው መርፌ የታገሡ የአርማጭሆና የመተማ ሰዎች ሌላ አገር ያለ ሐኪም ዛሬ የሚያዝዘውን መድኃኒት ወስነዋል ማለት ነው።

ቁንጭርስ? እሱም ካላዛር ነው?

ዘመዳሞች ናቸው፤ ቁንጭር ግን ቆዳ ላይ ይወጣል እንጂ ጣፊያ አያሳብጥም። የሚገኘውም በደጋ፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አገር ነው። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ቀስ ብሎ እየሰፋ ይሄዳል፤ አያምም፣ አይገድልም፣ ግን ፊትን ያበላሻል። ብዙው ሰው መጀመሪያ ጠበል ይሄዳል ወይም የባህል መድኃኒት ያስደርጋል። ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ አፍንጫዎ ሳይበላ ግን የቆዳ ክፍል ይታዩ።

ሐኪም ብዬ ሄጄ ተማሪዎች ከበቡኝ፤ ይህ ደንብ ነው?

ደንብ ነው። ጠዋት ዋርድ ውስጥ የሚሆነው ይህን ይመስላል፦ ኢንተርኑ (ሊመረቅ የደረሰው የሕክምና ተማሪ) አልጋው ግርጌ ቆሞ ካርዱን ያነብባል፤ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነ። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) የጎደለውን ይጨምራል። ስፔሻሊስቱ እጁን አሙቆ ሆድዎን ይጫናል፤ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «ጣፊያው ከጎድን አጥንት በታች ስንት ሴንቲ ሜትር ወርዷል?» ይላል። አንዱ አራት፣ ሌላው ሰባት ይላል። ሜትር ይመጣና ይለካል። እርስዎ ተኝተው ጣራ ጣራውን ያያሉ። ሁሉም በማያውቁት ቋንቋ ስለ እርስዎ ያወራሉ፤ ይህ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ።

ጥቅሙ ግን የእርስዎም ነው፤ የአንዱ ስሕተት በሌላው ዓይን ይያዛል። ሲጨርሱ «ምን አገኛችሁብኝ? በአማርኛ ንገሩኝ» ማለት መብትዎ ነው። ማን ተማሪ፣ ማን ሐኪም እንደሆነ መጠየቅም፣ በተለይ በማኅፀን ምርመራ ጊዜ ብዙ ሰው እንዳይገባ መጠየቅም ይችላሉ። ብዙ እናቶች ያፍሩና ዝም ይላሉ፤ ዝም ማለት አይገባም።

የዓይን ሕክምና አለ?

አለ፤ ራሱን የቻለ ከፍተኛ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው። አማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፋባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የዓይን ፀጉራቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወጋቸው ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ብዙ ናቸው። በወረንጦ መንቀል ማስታገሻ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ያስተካክለዋል፤ በየወረዳውም ይሰጣል። የሞራ ግርዶሽም በቀዶ ሕክምና ይነሣል። መነጽር የሚለኩት የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎች በአገሪቱ መሠልጠን የጀመሩት እዚሁ ጎንደር ነው።

አደጋ ደርሶበት መራመድ ያቃተው ዘመድ አለኝ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚረዳው አለ?

የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ። በዲግሪ ደረጃ ፊዚዮቴራፒ በማስተማርም ጎንደር ቀዳሚ ናት። ካናዳ ከሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በተጀመረው ሥራ ደግሞ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው ሙያ ገብቷል፤ ሰውየው በቀረው አቅሙ እንዴት እንደሚለብስ፣ እንደሚበላ፣ ወደ ሥራው እንደሚመለስ የሚያለማምድ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየመንደሩ የሚሄድ የተሐድሶ ፕሮግራምም አለው። ቤትዎ ሩቅ ከሆነ ስለዚህኛው ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

የካንሰር ሕመምተኛ አዲስ አበባ መሄድ አለበት?

ሁልጊዜ አይደለም። ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ጎንደር ላይ ይሰጣል። አስቸጋሪው የጨረር ሕክምና ነው፤ ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ይህን የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። አገልግሎቱን ወደ ክልሎች ለማውረድ በወጣው ዕቅድ ጎንደር ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከሐረማያና ከመቀሌ ጋር ተመርጣለች። ሕመምተኛውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘው ከመነሣትዎ በፊት የሚያክመውን ሐኪም «የትኛው ሕክምና የት ይሰጠዋል?» ብለው በዝርዝር ይጠይቁ።

በጦርነቱ ጊዜ ሆስፒታሉ ይሠራ ነበር?

ሠርቷል። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ጎንደር የጦር ቁስለኞች ከሚመጡባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች፤ በኅዳር ደግሞ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በሮኬት ተመታ። በ2013 መጨረሻ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ ተፈናቃዩና ቁስለኛው በአንድ ላይ መጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ስደተኛው በመተማ በኩል ሲገባ፣ ኋላም በኩመር የስደተኞች ጣቢያ ኮሌራ ሲከሠት፣ ከአካባቢው ትልቁ ሆስፒታል ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ውጊያው ከተማው ውስጥ ገባ።

ስለ ቁስለኞች ብዙ ይወራል። ብዙ የማይወራላቸው ግን መንገድ ሲዘጋ የቀሩት ናቸው፤ የኤችአይቪ መድኃኒት ቀጠሮ ያለፈበት፣ ምጥ ይዟት አምቡላንስ ያጣች፣ የስኳር በሽታ መርፌው ያለቀበት ሰው። ከገጠር የሚመጣ ሰው ዛሬም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የሚቻል ከሆነም ሐኪሙን የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ይጠይቅ።

በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት የደረሰው አደጋ ላይ ምን ሆነ?

ጥር 11 ቀን ጠዋት በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ 10 ሰው ሞተ፤ የተጎዳው ከመቶ በላይ ነው። ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ በዓሉን ለማየት የመጣው ሕዝብም ከወትሮው የበዛ ነበር። ተጎጂዎቹ የተወሰዱት ወደዚህ ሆስፒታል ነው። ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቁ ጎንደሬዎች፣ ከእንጨት በተረበረበ መቀመጫ ላይ ልጆች አታውጡ።

ከገጠር ሕመምተኛ ይዤ እመጣለሁ፤ ምን ልያዝ?

የሪፈር ወረቀት፣ የቀድሞ የምርመራ ውጤትና ፊልም፣ ሲወስድ የነበረውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ የመድን መታወቂያ። በሽታው ከቆላ የመጣ ሊሆን ስለሚችል «ባለፈው ዓመት የት ሠርቶ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዘጋጅ፤ ብዙ ምርመራ ያሳጥራል። አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ የሚጽፍና የሚያነብ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ የሚመላለሰው እሱ ነው። ጋቢ አይርሱ፤ የጎንደር ሌሊት ለቆላ ሰው ይበርዳል። ደም ሊያስፈልግ የሚችል ቀዶ ሕክምና ከሆነ ዘመዶች ቀደም ብለው ደም ባንክ ቢለግሱ መልካም ነው።

ጥናት ላይ ተሳተፍ ብለው የሚፈረም ወረቀት ሰጡኝ። ምን ላድርግ?

ያስነብቡት። ሆስፒታሉ የምርምር ቦታ ስለሆነ ይህ ብዙ ታካሚ ያጋጥመዋል፤ ዳባት ላይ እንኳ ዩኒቨርሲቲው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የየቤቱን ልደትና ሞት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አለው። አንዳንዱ ጥናት ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ተጨማሪ ደም ይወስዳል፣ አንዳንዱ አዲስ መድኃኒት ይሞክራል፤ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። አልፈልግም ካሉ ሕክምናዎ አይቋረጥም፤ ተስማምተው ከጀመሩ በኋላም ማቆም ይችላሉ። ከወረቀቱ አንዱ ቅጂ የእርስዎ ነው፤ የሚደውሉበት ቁጥር እዚያ ላይ ስላለ ከካርድዎ ጋር ያስቀምጡት።